«ደበረኝ» የጣዕም ስም አይደለም

ልጆቼ፣

28 ዓመት ቡና ስቀምስ ኖሬያለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ ስልካችሁ ነው። በቡና በኩል ዞሬ ስለምመጣ ታገሡኝ።

የእህቴ ልጅ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነው፤ እኔ ቤት ነው የሚኖረው። አንድ ሌሊት ውሃ ልጠጣ ስነሣ በበሩ ሥር ብርሃን አየሁ። ስምንት ሰዓት አልፏል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ልጁ በጎኑ ተጋድሞ አውራ ጣቱ ብቻ ይንቀሳቀሳል። «ምን እያየህ ነው?» አልኩት። ቀና አለ። ሊነግረኝ ፈልጎ አሁን ያለፈውን ቪዲዮ እንኳ ማስታወስ አቃተው። «እኔ እንጃ አክስቴ፣ ደብሮኝ ነው» አለኝ።

አልተቆጣሁትም። ድሮ ኢንተርኔት ላይ ገጹ ያልቅ ነበር። ታች ስትደርሱ «ቀጣይ» የሚለውን ትጫናላችሁ፤ ያቺ አፍታ ለመነሣት ፋታ ትሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 አዛ ራስኪን የሚባል ባለሙያ ማለቂያ የሌለውን ገጽ ሠራ። በኋላ ራሱ በአደባባይ ተጸጽቶበታል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ስኪነር ደግሞ ከዚያ ብዙ ዓመት ቀድሞ በእርግቦች ያሳየው ነገር አለ። ጥሬው መቼ እንደሚመጣላት የማታውቅ እርግብ ቁልፉን በመንቆሯ መምታቷን በቀላሉ አታቆምም። አሥር ቪዲዮ አሰልችቷችሁ አሥራ አንደኛው ሲያስቃችሁ የሚይዛችሁ ይኸው ነው። ስለዚህ ስልኩን ማስቀመጥ ሲያቅታችሁ ራሳችሁን ሰነፍ ብላችሁ አትስደቡ።

ወደ ቡናዬ ልመለስ። ለቅምሻ ስንቀመጥ ለእያንዳንዱ ናሙና አምስት ስኒ እንደረድራለን። ለ150 ሚሊ ሊትር ውሃ ስምንት ግራም ከሩብ ያህል የተፈጨ ቡና ይገባል። ውሃው ከተጨመረ በኋላ 4 ደቂቃ እንጠብቃለን። ከዚያ ላዩ ላይ የሰፈፈውን በማንኪያ ከፈል አድርገን እናሸታለን። ቅምሻው ገና ነው። ደግሞም አንዴ ቀምሰን አንፈርድም፤ ትኩሱን፣ ለብ ያለውን፣ የበረደውን እንቀምሳለን። ትኩስ እያለ ብዙ ቡና ደህና ይመስላል። ሻጋታው፣ የአፈር ሽታው፣ የቦካው ነገር ብቅ የሚለው ስኒው ሲበርድ ነው።

ከዓመታት በፊት አንድ ጠዋት በስኒና በስኒ መሃል ስልኬን እያየሁ ቀመስኩ። ሻጋታ የያዘ ናሙና ንጹሕ ነው ብዬ ጻፍኩ። አጠገቤ የነበረች ጀማሪ ልጅ ቀስ ብላ «እትዬ፣ ይቺን ቢደግሟት» ባትለኝ ኖሮ እንዲያው ያልፍ ነበር። ደግሜ ስቀምሰው አፌ ውስጥ ጮኸ። ምላሴ ደህና ነበር። እኔ ነበርኩ የሌለሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ስልኬ ቅምሻ ክፍል ገብቶ አያውቅም።

ጀማሪ ቀማሽ ኮምጣጣውንም መራራውንም «ይመራል» ይላል። ምላሱ ሁለቱን ይለያል፤ ስም ነው ያላገኘላቸው። የእናንተም «ደበረኝ» እንደዚያ ይመስለኛል። ሲርባችሁ ደበረኝ፣ እንቅልፍ ሲያንሳችሁ ደበረኝ፣ ቤተሰብ ሲናፍቃችሁ ደበረኝ፣ ጓደኛችሁ አዲስ ጫማ አድርጎ ፎቶ ሲለጥፍና ሆዳችሁ ቅር ሲለው ደበረኝ። የተራበ መብላት አለበት፤ የናፈቀው መደወል አለበት። ለሁሉም ቲክቶክ ከተሰጠ ግን ራቡም ናፍቆቱም እዚያው ተቀምጦ ያድራል።

እንዲህ ሞክሩት። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡት፤ ኪስ ውስጥ ከሆነ እጃችሁ ሳታውቁት ይሄዳል። አራት ደቂቃ ተቀመጡ። ትንፋሽ ስታስወጡ ከምታስገቡበት ረዘም አድርጉት፤ ስናስወጣ የልብ ምት ረገብ ይላል። ከዚያ ሰውነታችሁን ጠይቁ። ጥርሳችሁን ነክሳችኋል? ትከሻችሁ ወደ ጆሮ ወጥቷል? ሆዳችሁ ባዶ ነው ወይስ ተቋጥሯል? መጀመሪያ የሚመጣው ደስ አይልም። ያኔ ነው እጅ ስልክ የሚፈልገው። ትንሽ ቆዩ፤ ስኒው ይብረድ። «ደበረኝ»ን ትታችሁ ሌላ ስም ፈልጉለት።

ቴሌግራሙን ጣሉ አልላችሁም፤ የክፍላችሁ ማስታወቂያ የሚለጠፈው እዚያ ነው። የማያስፈልገውን ኖቲፊኬሽን መዝጋት ግን ትችላላችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ያለ ኢርፎን ወደ ጅሬን ውጡ። አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እስክትደርሱ ዳገቱ ራሱ ትንፋሻችሁን ያሰማችኋል። ቡና ላይ ስትቀመጡም እስከ በረካው ቆዩ። አቦሉን ፎቶ አንስቶ ቶናውን አንገቱን ደፍቶ የሚጠጣ ሰው ስመለከት ልቤ ያዝናል፤ ያ ሁሉ ሰዓት የተዘጋጀው ለመጫወት ነበር።

ሳምንታት እንቅልፍ ካጣችሁ ወይም መኖር ካስጠላችሁ ግን ይህ በአራት ደቂቃ የሚታለፍ አይደለም። ለምታምኑት ሰው ንገሩ። በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል፤ መሄድ ነውር የለውም።

የእህቴ ልጅ አሁን ማታ ማታ ስልኩን ሳሎን ቡፌው ላይ ይተዋል። ሁልጊዜ አይደለም። ባለፈው ሐሙስ ቶናው ሊቀዳ ሲል እጁ ወደ ቡፌው ሄደና ተመለሰ። ስኒውን በሁለት እጁ ይዞ ብዙ ቆየ።

«አክስቴ፣ ደብሮኝ አይደለም» አለኝ። «ፈርቼ ነው።»

ጀበናውን አስቀመጥኩ። የወደቀበትን ፈተና ነገረኝ።