ምርምሩን ልያዝ ወይስ ማስተማሩንም?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ሦስተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት በቆቦ ማሽላ ላይ በሚወጣው አቀንጭራ በተባለው አረም ነው። አሁን ውጭ አገር የሁለት ዓመት የድኅረ ዶክትሬት ዕድል አግኝቻለሁ። ፕሮፌሰሩ ከፈለግሁ በሳምንት አንድ ቀን እዚያው አቅራቢያ ባለ ኮሌጅ እንዳስተምር እንደሚያመቻቹልኝ ጽፈውልኛል። ባልደረቦቼ ግን «ማስተማሩ አገርሽም አለልሽ፤ እዚያ ጽሑፍሽን አሳትሚ» ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?
ስሜ ይቆይ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አብሽሪ እኅቴ፤ ማስተማሩንም ያዢው። ባልደረቦችሽ ማስተማር አገርሽም አለ ማለታቸው እውነት ነው። ማስተማርን የሚያስተምርሽ፣ ክፍልሽ ገብቶ አይቶ የሚያርምሽ ሰው ግን እዚህ በቀላሉ አታገኚም። ተመልሰሽ በመጣሽ ሳምንት ሦስት ኮርስ ይጫንብሻል፤ ኤችዲፒውንም፣ የመምህራኑን የማስተማር ሥልጠና ማለቴ ነው፣ የምትወስጂው ከዚያው ጭነት ጋር ነው። ላብ ውስጥ አንድ ሙከራ ሲበላሽ አማካሪሽ አብሮሽ ያየዋል፤ ክፍል ውስጥ ግማሹ ተማሪ ሳይገባው ሲወጣ ግን ማንም አያይልሽም።

አሜሪካኖች ይህን አስበውበት እ.ኤ.አ. በ1999 በብሔራዊ የጤና ተቋማቸው በኩል አይራክዳ የሚባል ፕሮግራም ጀመሩ። ወጣቱ ተመራማሪ ከጊዜው ሦስት አራተኛውን ያህል ላብ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ በቀረው ማስተማርን ይማር፣ በአጋር ኮሌጅም ያስተምር ነበር። ገንዘቡ ለዜጎቻቸውና ለቋሚ ነዋሪዎች ስለነበር አንቺን አይመለከትም፤ አሠራሩን ግን ለፕሮፌሰርሽ ልትጠቅሺላቸው ትችያለሽ። ትልቁ ነገር ጊዜው የተከበረ መሆኑ ነው፤ ላቡ በማስተማሪያው ቀን አይጠራሽም።

የማስተማሪያው ዘዴም ለውጥ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ 225 ጥናቶችን በአንድ ላይ የመረመረ ሥራ፣ መምህሩ ብቻ በሚናገርበት የሳይንስና የሒሳብ ክፍል ከመቶ 34 ያህሉ ሲወድቁ፣ ተማሪው እየሠራና እየተወያየ በሚማርበት 22 ያህሉ እንደሚወድቁ አሳይቷል። በእኛ ክፍሎች ላይ ይህን ያህል ልጅ ማትረፍ ቀላል ነገር አይደለም።

ማስተማር ምርምርሽን ይበላዋል የሚለውንም አልቀበልም። ደሴ ሳስተምር አንድ የቆቦ ልጅ እጁን አውጥቶ «አቀንጭራ ለምን የከሳ መሬት ላይ ይበረታል?» አለኝ። መልሱን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ፎስፈረስ ያጠረው የማሽላ ሥር ረዳት ፈንገስ ለመጥራት ስትሪጎላክቶን የሚባል ኬሚካል አብዝቶ ያፈልቃል፤ አፈር ውስጥ ለዓመታት የተኛው፣ እንደ አቧራ የደቀቀው የአቀንጭራ ዘርም ያንኑ ኬሚካል አግኝቶ ይነቃና ሥሩ ላይ ይጣበቃል። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታም እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን በማውጣት ነው፤ ከዘዴያቸውም አንዱ ዘሩን የሚያነቃውን ኬሚካል ሥሩ በጥቂቱ ብቻ እንዲያመነጭ ማድረግ ነበር። የልጁ ጥያቄ ግን በዚያ አይቆምም፦ አባቱ ማዳበሪያውን መቼና ምን ያህል ቢጨምር ነው አረሙ የሚቀንሰው? ይህ ቆቦ ላይ የሚሠራ የምርምር ርእስ ነው፤ ያነሳው ደግሞ ማሽላውን ከነአረሙ እያየ ያደገ ተማሪ ነው።

ስለዚህ እሺ ከማለትሽ በፊት ፕሮፌሰሩን እነዚህን ጠይቂያቸው። መጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ልምድ ካለው መምህር ጋር አብሬ ላስተምር? ክፍሌ ገብቶ አይቶ አስተያየት የሚሰጠኝ ማን ነው? ቀጥሎስ አንድ ኮርስ ራሴ አዘጋጅቼ እሰጣለሁ? ሁለት ወይም ሦስት ኮርስ ቢሉሽ እምቢ በይ፤ ያን ጊዜ የባልደረቦችሽ ስጋት እውነት ይሆናል፤ ጽሑፍ ሳታወጪ ሁለቱ ዓመት ያልቅብሻል። የማስተማሪያው ቀን የትኛው እንደሆነም ከውሉ ጋር በጽሑፍ ይስጡሽ፤ በቃል የተባለ ነገር የላቡ ሥራ ሲከማች የሚያስታውሰው የለም።