መስኮት ጠፋብኝ፣ ተደራረበብኝ ለምትሉ፦ ጥያቄና መልስ

ኮምፒውተር ላይ መስኮት ስለማንቀሳቀስ፣ ስለማሳነስና ስለመደርደር የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እየመለስኩ ነው። አብዛኞቻችሁ የምትጠቀሙት ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ስለሆነ መልሱም በዚያው ልክ ነው። ማክና ሊኑክስ ያላችሁ ወደ ታች ውረዱ። «የዊንዶውስ ቁልፍ» ስል ኪቦርዱ ላይ ከአልት ጎን ያለችውን፣ የዊንዶውስ ምልክት ያለባትን ማለቴ ነው።

ጥያቄ፦ የእንግሊዝኛ ሰነድ እያየሁ ወደ አማርኛ እተረጉማለሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን ለማድረግ ጠርዛቸውን በማውስ ስጎትት፣ አንዱ ሲሰፋ ሌላው ሲሸፈን ጊዜዬ ያልቃል። ሌላ መላ የለውም?

መልስ፦ አለው እንጂ። ማውሱን ተይው። አንዱን መስኮት ክሊክ አድርጊና የዊንዶውስ ቁልፍን እንደያዝሽ የግራ ቀስቱን ንኪ። መስኮቱ የስክሪኑን ግራ ግማሽ ይይዛል። በቀረው ግማሽ ላይ ሌሎቹ የተከፈቱ መስኮቶች በትንንሹ ተደርድረው ይመጡልሻል። የምትጽፊበትን ስትመርጪ ቀኙን ይሞላዋል። አለቀ።

ከዚያ መሀል ያለውን ድንበር በማውስ ያዢና ወደ አንዱ ጎን ግፊው። ሁለቱም አብረው ይስተካከላሉ፤ አንዱ ሲጠብ ሌላው ይሰፋል። መዝገበ ቃላትም መክፈት ካለብሽ ግራው ላይ ያለውን መስኮት ክሊክ አድርገሽ የዊንዶውስ ቁልፍና የላይ ቀስት ስትጫኚ ወደ ሩብ ይቀንሳል፤ ከሥሩ ለሌላ መስኮት ቦታ ይለቃል። ዊንዶውስ 11 ካለሽ የዊንዶውስ ቁልፍና ዜድ ተጫኚ፤ የአደራደር ዓይነቶች በሥዕል ይመጡልሻል፣ መምረጥ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ እኔም ተርጓሚ ነኝ። እንግሊዝኛው ላይ ቃል ልፈልግ ስል ኪቦርዱ አማርኛ ሆኖ ይጠብቀኛል፣ ስመልሰው ደግሞ ማይክሮሶፍት ወርድ ላይ እንግሊዝኛ ይጽፍብኛል። ቀኑን ሙሉ ኪቦርድ ስቀያይር መዋሌ ነው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ በማንሣትህ ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም መፍትሔው ሴቲንግ ውስጥ ተቀብሮ ነው ያለው። ዊንዶውስ ካልተነገረው በስተቀር ለሁሉም መስኮት አንድ ኪቦርድ ነው የሚይዘው። ዊንዶውስ 11 ላይ ሴቲንግ ክፈት፣ «ታይም ኤንድ ላንጉዌጅ» ግባ፣ ከዚያ «ታይፒንግ»፣ ከዚያ «አድቫንስድ ኪቦርድ ሴቲንግስ»። እዚያ ለእያንዳንዱ መስኮት የተለያየ ኪቦርድ ልጠቀም የሚል ትንሽ ሳጥን አለ፤ ምልክት አድርግበት። ከዚያ በኋላ ወርዱን አንዴ አማርኛ፣ ብሮውዘሩን አንዴ እንግሊዝኛ አድርጋቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሄድ ኪቦርዱ ራሱ ይቀየራል። ይህ ዊንዶውስ ላይ በቋንቋ ዝርዝር ውስጥ ለገባ ኪቦርድ ነው። ለጊዜው መቀየር ብቻ ከፈለግህ የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ ይበቃል።

ጥያቄ፦ እባክህ ወንድሜ፣ አንድ ፕሮግራም ስከፍት ታስክባር ላይ (ከስክሪኑ ሥር ባለው መደዳ) ይታያል፣ ስክሪኑ ላይ ግን የለም። አጥፍቼ ባበራውም ያው ነው። ቫይረስ ይሆን?

መልስ፦ ቫይረስ አይደለም፣ አይጨነቁ። መስኮቱ ከስክሪኑ ውጭ ተከፍቶ ነው። ከዚህ በፊት ላፕቶፕዎን ከፕሮጀክተር ወይም ከሌላ ሞኒተር ጋር አገናኝተው ነበር? ፕሮግራሙ ያን ጊዜ የነበረበትን ቦታ አስታውሶ ዛሬ በሌለ ስክሪን ላይ እየተከፈተ ነው።

መጀመሪያ ታስክባር ላይ ፕሮግራሙን ክሊክ ያድርጉና የዊንዶውስ ቁልፍን ከግራ ቀስት ጋር ይጫኑ። ብዙ ጊዜ በዚህ ብቻ ተስፈንጥሮ ይመጣል። እምቢ ካለ ሺፍትን እንደያዙ ታስክባር ላይ ያለውን ምልክት ራይት ክሊክ ያድርጉት። ከሚመጣው ዝርዝር «ሙቭ» የሚለውን ይምረጡ። ምንም የተለወጠ ነገር አያዩም፤ ግድ የለም። አሁን ከቀስቶቹ አንዱን፣ የትኛውንም፣ አንድ ጊዜ ንካ ያድርጉ። ከዚያ እጅዎን ወደ ማውሱ ይመልሱና ዝም ብለው ያንቀሳቅሱት። መስኮቱ ከማውሱ ጫፍ ላይ ተጣብቆ ይመጣል። የሚፈልጉበት ቦታ ሲደርስ ክሊክ ሲያደርጉ እዚያው ይቀመጣል። ቀስቷን ሳይነኩ ማውሱን ካንቀሳቀሱ አይሠራም፤ ብዙ ሰው «ሞከርኩት እኮ፣ አልሆነም» የሚለኝ እሷን ዘሎ ነው። «ሙቭ» ደብዝዞ አልመረጥ ካለዎት ደግሞ መጀመሪያ ከዚያው ዝርዝር «ሪስቶር» ይበሉ።

ጥያቄ፦ ከላፕቶፔ ጋር ትልቅ ሞኒተር አገናኝቼ ነው የምሠራው። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል፣ ሞኒተሩ ግን ድርግም ይላል፤ የምሠራበት መስኮት እዚያ ጨለማ ውስጥ ይቀራል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የኛ አገር ጥያቄ ነው ይሄ። ሞኒተሩ ቢጠፋም ገመዱ ስለተሰካ፣ በተለይ በኤችዲኤምአይ፣ ኮምፒውተሩ አሁንም ስክሪን ያለ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ መስኮቶችህን አይመልስም። የዊንዶውስ ቁልፍና ፒ ተጫን፤ ከሚመጡት አራት ምርጫዎች የመጀመሪያውን፣ «ፒሲ ስክሪን ኦንሊ» የሚለውን ምረጥ። ሁሉም ላፕቶፑ ላይ ይሰበሰባሉ። መብራት ሲመጣ በዚያው መንገድ «ኤክስቴንድ» በል። አንድ መስኮት ብቻ ከሆነ የምትፈልገው ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም፦ የዊንዶውስ ቁልፍ፣ ሺፍትና የግራ ወይም የቀኝ ቀስት መስኮቱን ከአንዱ ስክሪን ወደ ሌላው ያሻግረዋል።

ዊንዶውስ 11 ላይ አንድ ጥሩ ነገር ተጨምሯል። ሴቲንግ፣ «ሲስተም»፣ «ዲስፕሌይ»፣ «መልቲፕል ዲስፕሌይስ» ውስጥ መስኮቶች የነበሩበትን ቦታ እንደ ሞኒተሩ አስታውስ የሚል ምርጫ አለ። እሱ ከበራ ሞኒተሩ ሲመለስ መስኮቶቹም ወደነበሩበት ይመለሳሉ። እዚያው ገጽ ላይ ሳለህ 1 እና 2 የተጻፈባቸውን ሳጥኖች እያቸው። ሞኒተርህ ጠረጴዛው ላይ በግራ ሆኖ ሳጥኑ በቀኝ ከሆነ ማውስህ በተቃራኒው በኩል ነው የሚሻገረው። ሳጥኑን ጎትተህ አስተካክለው።

ጥያቄ፦ ስክሪኔ ትንሽ ነው። አንዳንድ ፕሮግራም ስከፍት «ኦኬ» የሚለው ቁልፍ ከታች ተቆርጦ ይቀራል፣ ልጫነው አልችልም።

መልስ፦ 1366 በ768 ፒክሰል ስክሪን ባለው ላፕቶፕ ላይ የተለመደ ነው። አልትና ስፔስ ተጫኚ፣ «ሙቭ» በይ፣ በላይ ቀስት ወደ ላይ ግፊው፤ ራሱ ከስክሪኑ አልፎ ይወጣል፣ እግሩ ይታያል። ሲደጋገምብሽ «ዲስፕሌይ» ውስጥ «ስኬል» የሚለውን ከ125 ወደ 100 ፐርሰንት አውርጂው። ፊደሉ ያንሳል፤ ዓይንሽን የሚያስቸግርሽ ከሆነ ግን ተይው፣ ለአንድ «ኦኬ» ተብሎ ዓይን አይጎዳም።

ጥያቄ፦ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። አንድ ኤክሴል ፋይል ውስጥ ያሉ የሁለት ወር ሺቶችን ማስተያየት እፈልጋለሁ። አንዱን ሳይ ሌላው ይሄድብኛል፤ ፋይሉን ኮፒ አድርጌ ሁለት እያደረግሁ ነው የምሠራው።

መልስ፦ ኮፒውን ይተዉት፤ በኋላ የትኛው ትክክለኛው እንደሆነ ይጠፋብዎታል። ፋይሉ ተከፍቶ እያለ «ቪው» ይግቡና «ኒው ዊንዶው» ይበሉ። ያው ፋይል በሁለተኛ መስኮት ይከፈታል፤ በስሙ ጫፍ ላይ 1 እና 2 ተጽፎ ያዩታል። በአንዱ የመስከረምን፣ በሌላው የጥቅምትን ሺት ይክፈቱ። ከዚያ «ቪው ሳይድ ባይ ሳይድ» ሲሉ ሁለቱ ይደረደራሉ፤ አንዱን ወደ ታች ሲያወርዱ ሌላውም አብሮ ይወርዳል። ላይና ታች ሆነው ከመጡና ጎን ለጎን ከፈለጉ «አሬንጅ ኦል»፣ «ቨርቲካል»። አብሮ መውረዱ ካስቸገረዎት «ሲንክሮነስ ስክሮሊንግ» የሚለውን ያጥፉት። አንደኛው ላይ የለወጡት ቁጥር ሌላው ላይም ወዲያው ይለወጣል፤ ፋይሉ አንድ ነውና። ሲጨርሱ አንዱን መስኮት ቢዘጉ ፋይሉ አይዘጋም።

ይህ በኤክሴል 2013 እና ከዚያ ወዲህ ባሉት ላይ ይመቻል። ከዚያ በፊት ፋይሎቹ ሁሉ በአንድ ትልቅ መስኮት ውስጥ ነበር የሚታሰሩት።

ጥያቄ፦ ካልኩሌተሩን ሌላ ነገር ስነካ ከኋላ ይደበቅብኛል። ከላይ እንዲቀር ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ የዊንዶውስ ካልኩሌተር «ስታንዳርድ» ከሚለው ቃል ጎን ትንሽ ምልክት አለው፤ ንካው፣ ከላይ ይቀራል። ለሌሎች ፕሮግራሞች ግን ዊንዶውስ ራሱ ይህን አይሰጥም። ፓወርቶይስ የሚባለውን የማይክሮሶፍት ነፃ ፕሮግራም አውርድ፤ የዊንዶውስ ቁልፍ፣ ኮንትሮልና ቲ ስትጫን ፊት ለፊትህ ያለው መስኮት ከሁሉም በላይ ይሆናል። በድጋሚ ስትጫን ይለቃል።

ጥያቄ፦ መስኮት ስጎትት ሌሎቹ በሙሉ እልም ብለው ይጠፋሉ። ምን ነክቶት ነው?

መልስ፦ እጅህ ነው። መስኮት ይዞ ግራና ቀኝ መነቅነቅ ሌሎቹን ሁሉ ይደብቃል፤ ደግመህ ስትነቀንቀው ይመለሳሉ። ዊንዶውስ 11 ላይ ሴቲንግ፣ «ሲስተም»፣ «መልቲታስኪንግ» ውስጥ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ አለቃ ድንገት ሲመጣ ሁሉንም ቶሎ መደበቂያ?

መልስ፦ የዊንዶውስ ቁልፍና ዲ። ግን ባዶ ዴስክቶፕ ላይ አፍጥጦ የተቀመጠ ሠራተኛ ይበልጥ ያስጠረጥራል። የዊንዶውስ ቁልፍ፣ ኮንትሮልና ዲ ብትጫን ሌላ ዴስክቶፕ ይከፈትልሃል። የቢሮውን ሥራ በአንዱ፣ የራስህን በሌላው አድርግ፤ በዊንዶውስ ቁልፍ፣ በኮንትሮልና በቀስት ትመላለሳለህ። የቀረው በአንተና በአለቃህ መካከል ነው።

ጥያቄ፦ ከዊንዶውስ ወደ ማክ ተዛወርኩ። አረንጓዴዋን ስነካ መስኮቱ ሙሉ ስክሪኑን ይውጠዋል፣ የላይኛው ሜኑ ሳይቀር ይጠፋል።

መልስ፦ «ኦፕሽን» የሚለውን ቁልፍ ይዘሽ አረንጓዴዋን ንኪ፤ ሜኑው ሳይጠፋ መስኮቱ ብቻ ይሰፋል። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ሴኮያ የተባለው የማክ ሥርዓት ካለሽ መስኮቱን ወደ ስክሪኑ ጠርዝ ስትጎትቺው እንደ ዊንዶውሱ ግማሹን ይይዛል። የቆየ ማክ ከሆነ ሬክታንግል የሚባል ነፃ ፕሮግራም ጫኚ። ከዊንዶውስ ለመጣ ሰው የሚያናድደው ሌላው ነገር ኮማንድና ታብ የሚቀያይረው ፕሮግራም እንጂ መስኮት አለመሆኑ ነው። የአንዱን ፕሮግራም መስኮቶች ለመቀያየር ኮማንድና ከታብ በላይ ያለችውን ምልክት ሞክሪ። ቢጫዋን ነክተሽ ያወረድሽውን መስኮት ግን ኮማንድና ታብ አያነሣልሽም፤ ከታች ካለው ዶክ ነው የምታነሺው።

ጥያቄ፦ ሊኑክስ፣ ኡቡንቱ ላይስ?

መልስ፦ የዊንዶውስ ቁልፍን ይዘህ መስኮቱን ከየትም ቦታው ጎትተው፤ የላይኛውን ጠርዝ መፈለግ አያስፈልግም። ዊንዶውስ ላይ ይህ አለመኖሩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ለመጠን አልትና ኤፍ8 ተጫንና ማውሱን አንቀሳቅስ።

ጥያቄ፦ መጀመሪያውኑ መስኮቶች ባይደራረቡ አይሻልም ነበር? ማን ነው እንዲደራረቡ ያደረገው?

መልስ፦ የመጀመሪያው ዊንዶውስ እኮ አያደራርብም ነበር። በ1985 እ.ኤ.አ. የወጣው ዊንዶውስ 1.0 መስኮቶቹን ጎን ለጎንና ላይና ታች ነበር የሚደረድራቸው፤ ትንንሽ የጥያቄ ሳጥኖች ካልሆኑ በቀር አንዱ በሌላው ላይ አይወጣም። መደራረብ የተፈቀደው በ1987 በወጣው በሁለተኛው ነው። በቀስት ግማሽ ግማሽ ማድረጉ ደግሞ በ2009 ከዊንዶውስ 7 ጋር መጣ። ሁሌም ተደርድረው ይቀመጡ፣ ፈጽሞ አይደራረቡ የምትል ከሆነ ሊኑክስ ላይ አይ3 የሚባል የመስኮት መደርደሪያ ፕሮግራም አለ፤ አዲስ መስኮት በከፈትክ ቁጥር የቀሩትን ራሱ ያጣብባቸዋል። ዊንዶውስን ሳትለቅ ከሆነ የምትፈልገው፣ ቅድም ያልኩት ፓወርቶይስ ውስጥ ፋንሲዞንስ አለ፤ ስክሪንህን እንደፈለግህ ከፋፍለህ፣ ሺፍት ይዘህ መስኮቱን ስትጎትት ክፍሉ ውስጥ ልክ ሆኖ ይገባል።