ውዱ ሞኒተሬ ለምን ደበዘዘብኝ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ዓምዳችሁን ሁሌ ነው የማነበው። ሥራዬ ጽሑፍ ማረምና ገጽ መሥራት ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ አፍጥጬ ነው የምውለው፣ ዓይኔ መድከም ሲጀምር ለወራት አጠራቅሜ 27 ኢንች 4ኬ ሞኒተር ገዛሁ፣ ካርቶኑ ላይ አይፒኤስ፣ ዲስፕሌይኤችዲአር 400 ምናምን የሚል። ስከፍተው ግን አንጀቴ ነው የተቃጠለው። ሙሉ ሪዞሉሽኑ ላይ ፊደሉ ጉንዳን ያክላል፣ ማውሱም እየተቆራረጠ ነው የሚሄደው፣ ወደ 2560 በ 1440 ዝቅ ሳደርገው ፊደሉ ተለቀ ግን ጭጋግ የለበሰ መሰለ። ጥቁሩ ጥቁር አይደለም አመድ ነው፣ ነጩም የፈዘዘ ነው። ማታ መብራት አጥፍቼ ፊልም ስከፍት ደሞ የታችኛው ጥግ ላይ ብርሃን ይታያል። ያገናኘሁት በድሮው ሞኒተር ኤችዲኤምአይ ኬብል ነው፣ ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 11 ነው። የድሮው ርካሹ ሞኒተሬ በስንት ጣዕሙ! ልመልሰው ወይስ እኔ ነኝ ያላወቅኩበት? የመመለሻ ጊዜው ሊያልቅ አንድ ሳምንት ነው የቀረኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ንዴትሽ ይገባኛል፣ ለዓይንሽ ብለሽ ያወጣሽው ገንዘብ መልሶ ዓይንሽን ሲያደክመው ያበግናል። ግን ዛሬ አትመልሺው፣ ካርቶኑንም እንዳትጥዪው። ከዘረዘርሽልኝ ውስጥ አብዛኛው ሞኒተሩ ውስጥ ያለ ችግር ሳይሆን ወደ ሞኒተሩ የሚላከው ምስል ላይ ያለ ነው የሚመስለው፣ እሱ ደሞ ይስተካከላል። ከስክሪኑ ከራሱ የሚመጣው ማታ ጥግ ላይ የምታዪው ብርሃን ነው። ሁለቱን ለያይቶ ማየት ያስፈልጋል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ሞኒተሩ ነው ብዬ መልሼ አስቀይሬ አዲሱን ስሰካው ያው ጭጋግ ጠበቀኝ፣ ለካ ኬብሉ ኖሯል፣ ያን ሁሉ ቀን በከንቱ ስለደከምኩ ነው አሁን አጥብቄ የምነግርሽ።

ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ ዓይኔ የገባው የማውሱ ነገር ነው። ማውስ እንደዛ የሚቆራረጠው ብዙ ጊዜ ስክሪኑ በሴኮንድ 30 ጊዜ ብቻ ሲታደስ ነው፣ መሆን ያለበት ቢያንስ 60 ነው፣ ይሄ በሴኮንድ የመታደሱ ቁጥር ሄርዝ ይባላል። 4ኬ ማለት 3840 በ 2160 ነው፣ ከ 8 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ማለት ነው፣ የተለመደው ፉል ኤችዲ ግን ወደ 2 ሚሊዮን ነው ያለው፣ ስለዚህ የድሮው ሞኒተርሽ ፉል ኤችዲ ከነበረ አሁን በዛው ኬብል አራት እጥፍ ዳታ ይለፍ እያልሽው ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የኤችዲኤምአይ ስሪት 1.4፣ 4ኬን የሚያሳልፈው በ 30 ሄርዝ ነው፣ በ 60 ሄርዝ ከነሙሉ ቀለሙ ማሳለፍ የቻለው በ2013 የመጣው 2.0 ነው። የኮምፒውተሩ ፖርት፣ ኬብሉ፣ የሞኒተሩ ፖርት፣ ከሦስቱ አንዱ ደካማ ከሆነ ሁሉም ወደ ደካማው ይወርዳል። ሴቲንግ ገብተሽ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ከዛ አድቫንስድ ዲስፕሌይ የሚለውን ክፈቺው፣ ስንት ሄርዝ እንደሆነና የቀለሙ ፎርማት ምን እንደሆነ ቁጭ ብሎ ታገኚዋለሽ። መሆን ያለበት 60 ሄርዝ ወይም ከዛ በላይ፣ ፎርማቱ ደሞ አርጂቢ፣ ማለትም ቀለሙ ሳይቀነስ ለያንዳንዱ ነጥብ የሚላክበት ነው።

ፎርማቱ ላይ 4፡2፡2 ወይም 4፡2፡0 የሚል ካለ ለጽሑፍ ሠራተኛ መጥፎ ዜና ነው። ዳታው አልበቃ ሲል ብርሃኑ ለያንዳንዱ ነጥብ ይላካል፣ ቀለሙ ግን ለሁለት ወይም ለአራት ነጥብ አንድ እየሆነ ይላካል። ፊልም ላይ አይታወቅም፣ ፊደል ላይ ግን ጠርዙ ይሟሟል፣ በተለይ ጥቁር ላይ ቀይ ፊደል ስታደርጊ ወዲያው ይታይሻል። ቁ እና ቂ ላይ ያለችው ትንሽ ቅጥያ የማትለይ ከሆነ ስታርሚ ብትውዪ ዓይንሽ ባይደክም ነው የሚገርመው። መፍትሔው ኬብል መቀየር ነው፣ ኮምፒውተርሽ ዲስፕሌይፖርት የሚባለው ሌላው የሞኒተር መሰኪያ ካለው በሱ አገናኚው፣ ዲስፕሌይፖርት 1.2 እንኳ 4ኬን በ 60 ሄርዝ ያሳልፋል። ኤችዲኤምአይ ብቻ ከሆነ ያለው ፕሪሚየም ሃይ ስፒድ የሚል የተረጋገጠ ኬብል ፈልጊ። ዴስክቶፕ ከሆነና የግራፊክስ ካርድ ካለው ኬብሉ የተሰካው ካርዱ ላይ መሆኑን እይ፣ ብዙ ሰው ማዘርቦርዱ ላይ ነው የሚሰካው። ሞኒተሩ ሜኑ ውስጥም ኤችዲኤምአዩን 1.4 ወይም 2.0 የሚያደርግ ምርጫ ያላቸው አሉ፣ እሱንም ፈትሺው።

አሁን ወደ ፊደሉ። ሪዞሉሽኑን ዝቅ ማድረግሽ ነው ጭጋጉን ያመጣው፣ ይሄ ስህተት በጣም የተለመደ ስለሆነ ራስሽን አትውቀሺ። የሞኒተሩ ነጥቦች ቁጥር አይቀየርም፣ 2560 በ 1440 ስትዪው አንዱን ነጥብ ለአንድ ተኩል ነጥብ አከፋፍል ማለትሽ ነው፣ ግማሽ ነጥብ የሚባል ነገር ደሞ ስለሌለ በግምት ያደበላልቀዋል። ወደ 3840 በ 2160 መልሺውና እዛው ዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ ስኬል የሚለውን 150 ፐርሰንት አድርጊው፣ ፊደሉ ልክ አሁን እንዳየሽው መጠን ይተልቃል ግን በሙሉው ነጥብ ስለሚሳል ጥርት ይላል። 27 ኢንች 4ኬ በአንድ ኢንች ውስጥ 163 ነጥብ ገደማ አለው፣ 27 ኢንች ፉል ኤችዲ 82 ብቻ ነው፣ ልዩነቱን የምታዪው እንዲህ ስትጠቀሚው ነው። ከቀየርሽ በኋላ ሳይን አውት ብለሽ ተመለሺ፣ ካለዛ ተከፍተው የነበሩ ፕሮግራሞች እንደደበዘዙ ሊቆዩ ይችላሉ። አንዳንድ በጣም የቆዩ ፕሮግራሞች ግን ስኬሉን ስለማያውቁት ከዚህም በኋላ ይደበዝዛሉ፣ እሱ የፕሮግራሙ ድካም ነው።

አመዱ ጥቁርና የፈዘዘው ነጭ ከሁለት ቦታ ሊመጣ ይችላል። አንደኛው፣ በኤችዲኤምአይ ሲገናኝ ኮምፒውተሩ ሞኒተሩን ቴሌቪዥን መስሎት ቀለሙን ከ 0 እስከ 255 በመላክ ፈንታ ከ 16 እስከ 235 ይልካል፣ ሞኒተሩ ደሞ ሙሉውን ስለሚጠብቅ 16ን እንደ ግራጫ ያሳየዋል፣ ነጩም 255 ሳይደርስ ይቀራል። የግራፊክስ ካርድሽ ሴቲንግ ውስጥ አውትፑት ሬንጅ ወይም ፒክስል ፎርማት የሚል አለ፣ ፉል አድርጊው፣ ሞኒተሩም ላይ ተመሳሳይ ምርጫ ካለ ሁለቱ መገጣጠም አለባቸው። ሁለተኛው ኤችዲአሩ ነው፣ ደማቁንና ጨለማውን በሰፊ ልዩነት ለማሳየት የታሰበ ሞድ ማለት ነው። ዊንዶውስ ላይ ኤችዲአር ከበራ ተራው ጽሑፍና ዌብሳይት ደብዝዞ ሊታይ ይችላል፣ ዊንዶውስ፣ አልትና ቢን አንድ ላይ ስትጫኚ ይበራል ይጠፋል፣ አጥፍተሽ እዪው።

እዚህ ላይ የሚሰማኝን ሳልናገር አላልፍም። ዲስፕሌይኤችዲአር 400 የሚለው ምልክት ቬሳ የሚባለው ተቋም የሚያወጣው የመጨረሻው ዝቅተኛ ደረጃ ነው፣ ሞኒተሩ 400 ኒት (ኒት የስክሪን ብርሃን መለኪያ ነው) መድረስ አለበት፣ ከጀርባ ያለውን መብራት ግን በክፍል በክፍል የማደብዘዝ ግዴታ የለበትም። እሱ ከሌለ ደማቁና ጨለማው አንድ ላይ ሲመጡ ወይ ሁሉም ይደምቃል ወይ ሁሉም ይደበዝዛል። ሰው ካርቶኑ ላይ ኤችዲአር የሚለውን አይቶ ገንዘቡን ጨምሮ ይገዛል፣ ቤቱ ሲገባ ማጥፋቱ ይሻላል ይባላል፣ ይሄ ልክ አይደለም፣ ገዢው ከመክፈሉ በፊት ነበር ሊነገረው የሚገባው።

ሞኒተሩ ሜኑ ውስጥም ግቢ፣ ከፋብሪካ ሲወጡ ብዙዎቹ ለማሳያ መደርደሪያ እንዲያብረቀርቁ ተደርገው ነው። ዳይናሚክ ኮንትራስት ካለ አጥፊው፣ ሻርፕነሱን ወደ መጀመሪያው ቁጥር መልሺው፣ ሞዱን ኤስአርጂቢ ወይም ስታንዳርድ አድርጊው፣ ብርሃኑንም ነጭ ገጽሽ አጠገቡ ካለ ነጭ ወረቀት ጋር እስኪመሳሰል ቀንሺው።

የቀረው ጥጉ ላይ ያለው ብርሃን ነው፣ እዚህ ላይ እውነቱን ልንገርሽ። አይፒኤስ የሚባለው ያንቺ ዓይነት ስክሪን ለጽሑፍና ለቀለም ጥሩ ነው፣ ጥቁር ላይ ግን ደካማ ነው፣ ኮንትራስቱ፣ ማለትም ነጩ ከጥቁሩ ስንት እጥፍ እንደሚደምቅ፣ በአብዛኛው አንድ ሺህ ለአንድ አካባቢ ነው፣ ቪኤ የሚባለው ሌላው የስክሪን ዓይነት ሦስት ሺህና ከዛ በላይ ይደርሳል፣ ኦሌድ የሚባለው ደሞ እያንዳንዱን ነጥብ ጭራሽ ያጠፋዋል። ጨለማ ክፍል ውስጥ ሙሉ ጥቁር ምስል ክፈቺና ጭንቅላትሽን ወደ ግራ ወደ ቀኝ አድርጊ። ብርሃኑ አብሮሽ የሚቀያየር ከሆነ፣ ራቅ ስትዪም የሚቀንስ ከሆነ የአይፒኤስ ባህርይ ነው፣ ብታስቀይሪውም ያው ነው። የትም ሆነሽ ስታዪው ቦታውን የማይለቅ፣ ከጠርዙ ወደ ውስጥ የሚገባ ነጠብጣብ ከሆነ ግን የጀርባ መብራቱ እያፈሰሰ ነው፣ እሱ ከሞኒተር ሞኒተር ይለያያል፣ ለማስቀየር በቂ ምክንያት ነው። በስልክ ፎቶ አንስተሽ አትፍረጂበት፣ ካሜራው ጨለማ ውስጥ ብርሃኑን ከሚታየው በላይ ያገንነዋል።

እኔ ብሆን ኬብሉን ነገ ቀይሬ፣ ስኬሉንና ሬንጁን አስተካክዬ ሦስት ቀን ሙሉ ሥራዬን እሠራበታለሁ። ፊደሉ ጥርት ካለልሽ ያዢው፣ ለሥራሽ የሚሆን ነው፣ ማታ ፊልም ስታዪ ከሞኒተሩ ጀርባ ደብዘዝ ያለ መብራት አድርጊ፣ ጥቁሩ ያን ያህል አይረብሽም። የገዛሽው በዋናነት ለጨለማ ፊልም ቢሆን ኖሮ ግን መልሺው ነበር የምልሽ።

ጥያቄ፦ እኔ ደሞ 34 ኢንች ኪውዲ ኦሌድ የሚባለውን የኦሌድ ዓይነት ሞኒተር ነው የገዛሁት፣ ለጌም ቃል የለኝም፣ ኮድ ስጽፍ ግን የፊደሎቹ ጠርዝ ላይ አረንጓዴና ሐምራዊ ነገር ይታየኛል፣ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም ወንድሜ። ዊንዶውስ ፊደልን የሚያለሰልሰው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ጎን ለጎን ተደርድረዋል ብሎ ነው፣ ያንተ ስክሪን ላይ ግን በሦስት ማዕዘን ነው የተቀመጡት፣ አረንጓዴው ከላይ፣ ሌሎቹ ከታች፣ ስለዚህ የላይኛው ጠርዝ ወደ አረንጓዴ፣ የታችኛው ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። 3440 በ 1440 ከሆነ በኢንች 110 ነጥብ ገደማ ብቻ ስላለው በቅርብ ርቀት ይታያል። ክሊርታይፕ የሚለውን የዊንዶውስ ፊደል ማለስለሻ ሴቲንግ ከፍተህ ምርጫዎቹን ሞክር፣ ወይም አጥፋው፣ የኮድ ፊደልህን አንድ ሁለት ቁጥር ከፍ አድርግ፣ ስክሪኑንም ትንሽ አርቀው። ይቀንሳል፣ ጨርሶ ግን አይጠፋም። ቀኑን ሙሉ ኮድ ላይ የምትውል ከሆነና ሳምንት ሞክረህ ዓይንህ ካልለመደው የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ ቀይረው።