የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተዋጊ አውሮፕላኖችና የሜዳ መካኒኮቻቸው፦ ጥያቄና መልስ

አንድን አውሮፕላን ስንት ሰው ነበር የሚይዘው?

በእንግሊዝ አየር ኃይል ለእያንዳንዱ ተዋጊ አውሮፕላን ሁለት ቋሚ ሰዎች ነበሩት። አንዱ የሞተሩ ኃላፊ ነው፤ ሌላው ክንፉን፣ ጭራውን፣ የመሪ ገመዶቹን፣ ጎማና ፍሬኑን ይይዛል። የመትረየስ፣ የራዲዮ፣ የኤሌክትሪክና የኦክስጅን ባለሙያዎች ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራሉ። የዕለቱ ፍተሻ ሲያልቅ ሁሉም በየሙያው ፎርም 700 በሚባለው መዝገብ ላይ ይፈርማል፤ አብራሪው የሚረከበው እሱን አይቶና ራሱም ፈርሞ ነው። አሜሪካኖቹ ዘንድ ዋናው ኃላፊ «ክሩ ቺፍ» ይባል ነበር። በእነሱ መዝገብ ቀይ ሰያፍ መስመር ከተሰመረ እንከን አለው ግን ይበራል ማለት ነው፤ ቀይ መስቀል ካለበት ደግሞ እንከኑ ሳይቃና ማንም አያስነሳውም።

የእንግሊዙ ተዋጊ ስፒትፋየር ከውጊያ ሲመለስ መጀመሪያ ምን ይደረጋል?

ሥራው ገና አውሮፕላኑ ሳያርፍ ይጀምራል። የመትረየሶቹ አፍ ከመነሳቱ በፊት በቀይ ሸራ ይለጠፋል። ከተተኮሰ ሸራው ይቀደድና ነፋሱ በቀዳዳዎቹ ውስጥ እያፏጨ ያልፋል፤ ስለዚህ ፉጨት የሰሙ የመትረየስ ባለሙያዎች የጥይት ሳጥን ይዘው ይጠብቃሉ።

እ.ኤ.አ. በ1940 የነበረው ዓይነት 8 ብራውኒንግ መትረየስ አለው፤ ለእያንዳንዱ 300 ጥይት፣ በድምሩ 2,400። ይህ ሁሉ ያለማቋረጥ ቢተኮስ ወደ 15 ሰከንድ ያህል ነው የሚቆየው። የመትረየስና የጥይት ክፍሎቹ ከክንፉ በላይም በታችም ስለሚከፈቱ ብዙ ክዳን መፍታት ግድ ይላል። ሌላው የእንግሊዝ ተዋጊ ሃሪኬን እዚህ ላይ ይበልጠዋል፤ በእያንዳንዱ ክንፍ አራቱ መትረየስ በአንድ ቦታ ተሰብስበው ስለሚገኙ ሥራው ይፈጥናል።

ጎን ለጎን ቤንዚን ይሞላል፤ 85 የእንግሊዝ ጋሎን፣ ማለትም 386 ሊትር ገደማ። ከዚያ ዘይት፣ ኦክስጅን፣ የታመቀ አየር። የታመቀውን አየር ቀላል አድርጎ ማየት አይገባም፤ ፍሬኑም፣ ፍላፑም (ለማረፍ ከክንፉ ኋላ የሚወርደው ክፍል)፣ መተኮሻውም የሚሠሩት በእሱ ነው። መስታወቱም በደንብ ይወለወላል፤ እዚያ ላይ የቀረች የዘይት ነጠብጣብ ከሩቅ የጠላት አውሮፕላን ትመስላለች።

ሸራው ለፉጨት ብቻ ነው የሚለጠፈው?

አይደለም። እርጥበትና ጭቃ እንዳይገባ ነው። ከፍ ባለ ሰማይ ላይ እርጥበቱ በረዶ ይሆንና መትረየሱ መተኮስ ያቆማል። ቅባት ሲበዛም እንዲሁ ነው፤ በብርድ ይረጋና ተንቀሳቃሹን ክፍል ይይዘዋል። በኋላ ከራዲያተሩ የሚወጣው ሞቃት አየር በቱቦ ወደ መትረየሶቹ እንዲሄድ ተደርጓል።

ከመነሳቱ በፊት ሞተሩ ደህና መሆኑ በምን ይታወቃል?

የስፒትፋየርና የሃሪኬን ሞተር የሆነው መርሊን 12 ሲሊንደር፣ 24 ካንዴላና ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ 2 ማግኔቶ አለው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ዙሩ ከፍ ይደረግና ማግኔቶዎቹ በየተራ ይዘጋሉ። አንዱ ሲዘጋ ዙሩ ትንሽ መውረዱ ያለ ነው፤ በደቂቃ ከ150 ዙር በላይ ከወረደ ግን አውሮፕላኑ አይነሳም። ዙሩ ከፍ ሲል ጭራው ከመሬት እንዳይነሳ ሰዎች ይቀመጡበታል።

ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ካንዴላ ነው። ቤንዚኑ እርሳስ ስላለበት፣ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ብዙ ከቆየ የእርሳስ ዝቃጭ ካንዴላው ላይ ይጋገራል። ለጥቂት ጊዜ በኃይል ማሠራት አንዳንዴ ያቃጥለዋል፤ ካልሆነ ይፈታል። የትኛው እንደሆነ ለመለየት በተጠረጠረው ማግኔቶ ብቻ ለአጭር ጊዜ አሠርቶ አጥፍቶ፣ ከማርሚታዎቹ የትኛው እንደቀዘቀዘ መመልከት ነው። ሃያ አራቱንም ከመፍታት ያድናል።

ስፒትፋየር አፍንጫውን በድንገት ሲደፋ ሞተሩ ለምን ይቋረጥ ነበር?

ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር የቤንዚኑን ልክ የሚጠብቅ ተንሳፋፊ ስላለው ነው። አፍንጫው ሲደፋ ቤንዚኑ ወደ ላይ ይወረወራል፤ መጀመሪያ ሞተሩ ቤንዚን ያጣል፣ ወዲያው ደግሞ ተንሳፋፊው ከቦታው ስለሚወጣ ከልክ በላይ ይጎርፍበትና ይታፈናል፤ የባሰው ይህ ሁለተኛው ነው። የጀርመኑ ሜሰርሽሚት 109 ቤንዚን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጭ ፓምፕ ስላለው ችግሩ አልነካውም። እ.ኤ.አ. በ1941 በእንግሊዝ ፋርንቦሮ የአውሮፕላን ምርምር ተቋም የምትሠራው መሐንዲስ ቢያትሪስ ሺሊንግ ቀዳዳው በልክ የተሠራ ትንሽ የብረት ማገጃ በቤንዚን መስመሩ ላይ እንዲገባ አደረገች። ማገጃው የሚያሳልፈው ሞተሩ በሙሉ ኃይል የሚፈልገውን ያህል ብቻ ነው። አውሮፕላኑን ከአገልግሎት ሳያስወጡ እዚያው በጦር ሰፈሩ የሚገጠም መሆኑ ትልቅ ነገር ነበር። ሆኖም ጎርፉን አቆመ እንጂ ተገልብጦ ለረጅም ጊዜ መብረር አላስቻለም።

በሩሲያ ክረምት ሞተር እንዴት ይነሳ ነበር?

ሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው፣ ሞተሩ ከመጥፋቱ በፊት ዘይቱ ውስጥ ቤንዚን ጨምሮ ማቅጠን ነው። ጠዋት ዘይቱ ስላልረጋ ሞተሩ ይዞራል፤ ሲሞቅ ቤንዚኑ ተንኖ ይወጣል። ችግሩ የሚመጣው ሞተሩ ሳይሞቅ ደጋግሞ ሲጠፋ ነው፤ ቤንዚኑ ይጠራቀምና የዘይት ግፊቱ ይወርዳል። የላላው ዝቃጭም ፊልትሮውን ስለሚደፍነው ቶሎ ቶሎ መታየት አለበት።

ሁለተኛው አድካሚ ነው፤ ማታ ዘይቱን በትኩሱ አፍስሶ፣ ጠዋት አሙቆ መመለስ። ማቀዝቀዣው ውሃ ከሆነ እሱም ይፈሳል፤ ካልፈሰሰ በረዶ ሆኖ ሞተሩን ይሰነጥቃል። ባትሪም ተፈቶ ሞቅ ያለ ቤት ያድራል።

የአሜሪካው ተዋጊ ፒ-47 ላይ ፕሮፔለሩን በእጅ የሚያዞሩት ለምንድን ነው?

ሲሊንደሮቹ በክብ የተደረደሩ ስለሆኑ አውሮፕላኑ ሲቆም ዘይት ወደ ታችኞቹ ይወርዳል። ዘይት አይታመቅም፤ እንዲሁ ከተነሳ ቢዬላ (ፒስተኑን ከሞተሩ ዘንግ የሚያገናኘው ብረት) ይታጠፋል። ስለዚህ ማግኔቶው ተዘግቶ ፕሮፔለሩ በእጅ ይዞራል። እምቢ ካለ ማስገደድም ወደ ኋላ መመለስም ክልክል ነው፤ ወደ ኋላ ሲዞር ዘይቱ ወደ አየር ማስገቢያው ቱቦ ይገፋና ሞተሩ ሲነሳ ተመልሶ ይገባል። መፍትሔው የታችኞቹን ካንዴላዎች ፈትቶ ማፍሰስ ብቻ ነው።

የጥይት ቀዳዳ እንዴት ይደፈናል?

መጀመሪያ አይደፈንም፤ ጥይቱ የሄደበት ይከተላል። የመግቢያው ቀዳዳ ትንሽ ሆኖ ሳለ ውስጥ የመሪ ገመድ ግማሹ ተበጥሶ ወይም ቱቦ ተጭሮ ሊገኝ ይችላል። የሃሪኬን የኋላ አካል በሸራ የተሸፈነ የብረት ቱቦ ስለሆነ ጥይቱ ብዙ ጊዜ ሸራውን በስቶ ያልፋል፤ ያኔ ሸራው ይጣፍና ቀለሙ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። በስፒትፋየር ግን ላሜራው ራሱ ጭነት ይሸከማል። የተቀደደው ጠርዝ ተቆርጦ በሞረድ ይስተካከላል፤ ስንጥቅ ካለ እንዳይቀጥል ጫፉ በትራፓኖ ይበሳል፤ ከዚያ የአሉሚኒየም ላሜራ ተለክቶ በሪቬት ይመታል። የውስጥ አጥንቱ ከተነካ የሜዳ ሥራ አይደለም፤ ወደ ወርክሾፕ ይላካል።