ጋሼ፣ ቦምቡ ስንት ነው?

ባለፈው እሁድ እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ስር ሻይ ይዘን ቁጭ ብለን የእህቴ ልጅ ስልኩን ወደኔ አዙሮ ቪዲዮ አሳየኝ። አሜሪካ በሰኔ 2017 ኢራን ላይ ስለጣለችው ትልቁ ቦምብ ነው፣ ያ ፎርዶ የሚባለው ተራራ ስር የተቀበረው የኒውክሌር ጣቢያ ላይ የተጣለው። ከጎናችን ያሉት ልጆችም ተሰበሰቡና "ኧረ በለው!" "አቦ ይሄን ነገር አየኸው?" እያሉ የማንቼና የአርሰናል ጎል የሚያዩ ነው የሚመስሉት። የእህቴ ልጅ ግን አልጮኸም፣ ዕድሜ ልኬን ሂሳብ ክፍል እንደሰራሁ ስለሚያውቅ "ጋሼ፣ ይሄ ቦምብ አንዱ ስንት ነው?" አለኝ።

ኮራ ብዬ ነው የመለስኩለት። ክብደቱ 13,600 ኪሎ ገደማ ነው፣ 136 ኩንታል በለው፣ እዚህ ከድሬ ጭኖ የሚወጣው አይሱዙ ሃምሳ ስልሳ ኩንታል ነው የሚችለው፣ ያን ሌሊት ደሞ 14 ነው የጣሉት፣ የሚሸከመው ቢ-2 የሚባለው አውሮፕላን በጠቅላላው የተሰራው 21 ብቻ ስለሆነ የምርምሩ ወጪ ሁሉ ሲካፈልበት አንዱ ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር ይመጣል አልኩት። ልጆቹ አፋቸውን ከፈቱ። ቤት ገብቼ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የሰጠሁት መልስ ግማሽ ሂሳብ ነው፣ እኔ ደሞ ግማሽ ሂሳብ ሰርቼ ምን እንደመጣ በአይኔ ያየሁ ሰው ነኝ። ለማንም ነግሬው አላውቅም፣ ለባለቤቴም። ለሱና ለጓደኞቹ ብዬ ነው አሁን የምጽፈው።

በ1969 የ23 ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ከኮሜርስ ተመርቄ ሐረር አንድ ሆስፒታል ሂሳብ ክፍል ከገባሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ። ሚያዝያ ላይ የእናት አገር ጥሪ መጣ። እናንተ በወሬ ነው የምትሰሙት፣ እኛ ግን ጠላት፣ የሶማሊያ ጦር፣ ከጎናችን ነው፣ ሚሊሻው ታጠቅ ጦር ሰፈር ይሰለጥናል፣ ራዲዮኑ ቀኑን ሙሉ ፉከራ ነው፣ ደሞዝተኛው የወር ደሞዙን ይሰጣል፣ እኔም ሰጠሁ። በሱ አልጸጸትም፣ ዛሬም ቢሆን እሰጣለሁ። የሚጸጽተኝ የራሴ ደሞዝ ስላልበቃኝ ያደረግኩት ነው።

ግንቦት መጨረሻ ላይ አንዲት አዋላጅ ነርስ መስኮቴ ጋ መጣች። ሐረር አንቱታ ብዙ የለም፣ በእናቴ እድሜ ሆና አንቺ ነው የምላት። የግዢ መጠየቂያ ይዛለች፦ ጓንት፣ የስፌት ክር፣ ጉሉኮስ፣ ከወሊድ በኋላ ደም የሚያቆመው ኤርጎሜትሪን የሚባለው መርፌ። በበጀት መደቡ ላይ ብር ነበር። 3,200 ብር ከ40 ሳንቲም፣ ሳንቲሙን ሳይቀር እስካሁን አልረሳሁትም። እኔ ግን ከዛ በፊት በነበረው ስብሰባ ተነስቼ የኛ ክፍል ከዓመቱ ወጪ ቆጥቦ ለጥሪው ገቢ ያደርጋል ብዬ ቃል ገብቼያለሁ። ማንም አላዘዘኝም። አለቃዬ ራሱ "እስቲ እናያለን" ብሎ ነው ያለፈው። ወረቀቷን ተቀብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

በሳምንቱ መጣች፣ በሂደት ላይ ነው አልኳት። ሰኔ አጋማሽ ላይ ደሞ መጣች። ነጭ ጋዋኗ ክርኑ ላይ ተጥፏል፣ እጇ ላይ አንድ የላስቲክ ጓንት አለ፣ ደጋግመው ከመቀቀላቸው የተነሳ ጣቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ጭብጥ ያለ፣ እሱን መስኮቱ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችልኝ። "ሲስተር፣ አገር እየተወረረ ነው እኮ፣ ብሩ ለጥይት ነው የሚሄደው" አልኳት። ቢሮው እንዲሰማኝ ብዬ ጮክ አድርጌ ነው ያልኩት። እሷ ዝቅ ባለ ድምፅ "ልጄ፣ እኔም ወንድሜ ግንባር ነው ያለው፣ ግን ሴቶቹ መውለድ አላቆሙም" አለችኝና ጓንቷን አንስታ ሄደች።

ሰኔ 30 ሂሳብ ተዘጋ፣ ብሩ ተዛወረ፣ የክፍላችን ስም ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ተለጠፈ።

ሐምሌ ላይ አንድ ጠዋት ቢሮ ስገባ መስኮቱ ፊት አንድ ገበሬ ቆሟል። ከአወዳይ ወዲያ ካለ መንደር ሚስቱን በቃሬዛ ተሸክመው አምጥተዋት፣ ልጁ ተወልዶ እሷ ደም አልቆም ብሏት፣ መርፌው አልቆ ከውጪ ግዛ ተብሎ፣ ሰዓት እላፊ ስለነበር ጥበቃ ከመንገድ መልሶት ነው ያደረው። ይሄን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው። እሱ ያኔ ምንም አላወራም፣ የሽርጡን ጫፍ ቋጠሮ ፈትቶ የአልጋ ሊከፍል ነው የመጣው። ብሮቹ ላብ ነክቷቸው ረጥበዋል። የበሽተኛዋን ስም ጠየቅኩት፣ ነገረኝ፣ ካርቦን አስገብቼ ደረሰኝ ጻፍኩለት፣ ማህተም መታሁ። ደረሰኙን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየው፣ ማንበብ የሚችል አይመስለኝም፣ ከዛ "በቃ? ሌላ የሚከፈል የለም?" አለኝ።

የለም አልኩት።

መርፌው ቢኖር ትተርፍ ነበር ወይ ብዬ ሲስተርን አልጠየቅኳትም። አዎ እንዳትለኝ ፈርቼ ነው። ከዛ በኋላ በማዋለጃው ኮሪደር ላለማለፍ በጓሮ በኩል ነበር የምዞረው።

አሁን ደሞ የሚጋጭ ነገር ልናገር ነው፣ ታገሱኝ። በዛው ነሐሴ ድሬ እናቴ ቤት ነበርኩ። የሶማሊያ ጦር እስከ ከተማው ዳር መጥቶ መድፉ መስኮቱን ሲያንቀጠቅጠው የኛ ኤፍ-5 አውሮፕላኖች ከላይ ሲያልፉ ግቢ ወጥቼ ጮኬያለሁ፣ አልቅሻለሁም። እነዛ አውሮፕላኖች ባይገዙ ኖሮ ድሬ የማን ትሆን ነበር? ስለዚህ ለመከላከያ የሚወጣ ብር ሁሉ ኃጢአት ነው የሚለኝን ሰው አልቀበለውም። እናቴ ግን ያን ቀን አልወጣችም። መጋቢት 1928 ጣሊያን ሐረርን በአውሮፕላን ሲደበድብ ልጅ ነበረች፣ ቀይ መስቀል የተሳለበት ህንጻ እንኳን አልተረፈም ትል ነበር፣ የአውሮፕላን ድምፅ ስትሰማ የኛ ይሁን የሰው አትለይም፣ አልጋ ስር ነበረች። እሷን አውጥቼ ለማረጋጋት ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል።

እና ወደ ቦምቡ ዋጋ ልመለስ። በሚያዝያ 2009 አሜሪካኖቹ አፍጋኒስታን ናንጋርሃር ላይ "የቦምቦች ሁሉ እናት" የሚሉትን ሲጥሉ አንዱ 16 ሚሊዮን ዶላር ነው ተብሎ ዓለም ተቀባበለው። በዚህ ብር ስንት ትምህርት ቤት፣ ስንት ሆስፒታል ተብሎ ሰዉ ተናደደ። በኋላ አየር ኃይላቸው የለም፣ ራሳችን ነን የሰራነው፣ አንዱ 170 ሺህ ዶላር ገደማ ነው አለ። መጋላ ሱቅ ያለው ጓደኛዬ ይሄን ስነግረው "ታዲያ ርካሽ ነው" ብሎኝ እርፍ። ያኔ የገረመኝ ነገር እስካሁን አልወጣልኝም፣ ቁጥሩ ሲወርድ ንዴቱም አብሮ ወረደ። ከስር የነበረው መሬት ግን ያው ነው። በየትኛውም ሌጀር ዴቢት ካለ ክሬዲት አለ፣ አንድ ቦታ ብር ከገባ ከሆነ ቦታ ወጥቷል፣ እና የኔ የ3,200 ብር ሂሳብ በወረቀት ላይ ሳንቲም አልጎደለበትም ነበር።

አይዘንሃወር የሚባለው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት፣ ራሱ ትልቅ የጦር ጄኔራል የነበረ ሰው፣ በፈረንጆቹ 1953 ባደረገው ንግግር የአንድ ከባድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ዋጋ ከ30 በላይ ከተሞች ውስጥ አንዳንድ የጡብ ትምህርት ቤት፣ ወይም የተሟሉ ሁለት ሆስፒታሎች ነው ብሎ ለህዝቡ ዘርዝሯል። ይሄ ሰውዬ ሂሳቡን በሁለቱም በኩል ነው የጻፈው። ያም ሆኖ በሱም ጊዜ መሣሪያው አልቆመም፣ በፈረንጆቹ 2024 የዓለም የጦር ወጪ 2.7 ትሪሊዮን ዶላር መድረሱን የስቶክሆልሙ የሰላም ጥናት ተቋም ሲፕሪ አውጥቷል። የኛም ቢሆን ደርግ በዱቤ የታጠቀው የሶቭየት እዳ መንግስት ወድቆ እንኳን ተከትሎን ነበር፣ ሩሲያ በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠረውን እስክትሰርዝልን ድረስ፣ ጦርነቱን ያላዩ ልጆች ስም ላይ ሁሉ ተጽፎ ነው የቆየው።

ጦርነት መጥፎ ነው ምናምን የሚለውን አልነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ። እናንተን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከኛ ይልቅ ብዙ ታያላችሁ፣ ግን ሁሉም ነገር ከላይ ከአውሮፕላኑ ካሜራ ነው የሚታያችሁ፣ ጭስ ብድግ ይላል፣ ቪዲዮው ያልቃል፣ ወደሚቀጥለው ታሳልፋላችሁ። ቤቲንግ ቤት በር ላይ ሆኖ ማን ያሸንፋል ብሎ የሚከራከር ልጅ አይቻለሁ፣ በጣም ነው ያዘንኩት። በእርግጥ እኛም የተሻልን አልነበርንም፣ እኔ ቪዲዮ እንኳን ሳላይ ነው ያን ያደረግኩት።

ከናንተ ውስጥ አካውንቲንግ የጨረሳችሁ ብዙ ናችሁ፣ ነገ ወረዳ ፋይናንስ ወይ ጤና ጣቢያ መስኮት ላይ የምትቀመጡት እናንተ ናችሁ። የበጀት ዝውውር ወረቀት ሲመጣላችሁ የሚገባበትን መደብ ብቻ አታንብቡ፣ የሚወጣበትን ክፍል ሄዳችሁ በእግራችሁ እዩት። የመደርደሪያውን ባዶነት ሳታዩ አትፈርሙ። አለቃ ይቆጣል፣ ይቆጣ። ከሁሉ በላይ ደሞ ማንም ሳያዛችሁ ጀግና ለመባል በሰው መድኃኒት አትፎክሩ።

ሲስተርን ከዛ በኋላ ያገኘኋት አንድ ጊዜ ነው። በ1981 እዚሁ ድሬ ለገሃር፣ የጅቡቲውን ባቡር ስትጠብቅ፣ ሻንጣዋ ላይ ቁጭ ብላ። ጡረታ ወጥታ ጅቡቲ ያለችውን ልጇን ልታይ ነው። እኔ ላልፋት ነበር፣ እሷ ናት "አንተ የሂሳብ ክፍሉ ልጅ!" ብላ የጠራችኝ። ሳመችኝ። ይቅርታ ልላት ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። "አገባህ?" አለችኝ፣ አዎ አልኳት። "ወለዳችሁ?" ሶስት አልኳት። ደስ አላትና እጄን እንደያዘች "ማን አዋለደላችሁ?" ብላ ጠየቀችኝ፣ ባቡሩ ጡሩምባውን ነፋ፣ ሻንጣዋን አንስቼ ውስጥ አስገባሁላትና ወረድኩ።