ሞተሩ እየጮኸ ጀልባው ባለበት ሲቀር፦ ማርሹን ከመፍታት በፊት

ጠያቂው ወንድማችን፣ ከባሕር ዳር ዘጌ በሚያመላልሱበት ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ሞተር ላይ፣ በዝግታ ሲነዱ ደኅና ሆኖ ነዳጅ ሲጨምሩ ግን ሞተሩ እየጮኸ ጀልባው ፍጥነት እንደማይጨምር ገልጸው፣ ማርሹ ይፈታ የሚለውን የመካኒኩን ምክር ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ ጥቂት ይታገሡ እላለሁ፤ ይኸው ምልክት በእኔ ጀልባ ላይ በታየ ጊዜ ማርሹን አስፈትቼ ሁለት ሳምንት ሥራ ከፈታሁ በኋላ፣ ጉድለቱ የተገኘው ፕሮፔለሩ (ውኃ ውስጥ እየዞረ ጀልባውን የሚገፋው ክፍል) ውስጥ ነበርና።

በፕሮፔለሩ እምብርት፣ ዘንጉ በሚገባበት ጥርሳም ቱቦና በውጭው አካል መካከል፣ በኃይል ተጠቅጥቆ የገባ ጎማ አለ። ሥራው ፕሮፔለሩ ድንጋይ ወይም ግንድ ሲመታ ተንሸራትቶ ማርሹን ከመሰበር ማዳን ነው። ይህ ጎማ በዕድሜ ሲደርቅ ወይም በኃይለኛ ምት ሲላቀቅ፣ በትንሽ ጉልበት ይይዛል፤ ጉልበት ሲበዛበት ግን ዘንጉ እየዞረ ፕሮፔለሩ ወደ ኋላ ይቀራል።

ማረጋገጫው ከጥቂት ቀለም በቀር ወጪ የለውም። ሞተሩን አጥፍተው የካንዴላዎቹን ገመድ ከነቀሉ በኋላ (ይህን ችላ ብሎ ፕሮፔለር የሚነካ ሰው ጣቱን ንቋል)፣ ፕሮፔለሩን ከያዘውና እንዳይፈታ በኮፒሊያ (በሚሰካ የሽቦ ቁልፍ) ከታሰረው ዳዶ አንሥተው እስከ ፕሮፔለሩ አካል ድረስ በማይለቅ ቀለም አንድ ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ። ሲደርቅ ገመዶቹን መልሰው ሐይቁ ላይ ይውጡና ሞተሩ እስኪጮኽ ነዳጅ ይስጡት። ተመልሰው ሲያዩት መስመሩ ተቆርጦ ዳዶው ላይ ያለው ከፕሮፔለሩ ካለው ጋር ካልገጠመ፣ የተንሸራተተው ጎማው ነው።

መስመሩ ካልተዛነፈ አየርን ይጠርጥሩ። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ክንፍ ከጀልባው ወለል ጋር እኩል ወይም 2 እና 3 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ሞተሩ ከፍ ብሎ ከታሰረ ወይም ተሳፋሪ ሁሉ ከፊት ተቀምጦ የኋላው ከተነሣ፣ ፕሮፔለሩ ከውኃ ይልቅ አየር ይቀዝፋል። የተጠመጠመ እምቦጭም ተመሳሳይ ስሜት ይሰጣል። የማርሹ ጥርስ እያመለጠ ከሆነ ግን ጀልባውን የሚያንገጫግጭ የብረት ኳኳታ ይሰማሉ፤ ጎማ ሲንሸራተት እንዲህ ያለ ድምፅ የለውም።

ጎማው ከሆነ፣ ፕሬስ ያለው ቶርኖ ቤት አዲስ ሊያስገባልዎ ይችላል፤ ካልሆነ ፕሮፔለሩን ይለውጡ። በቡሎን ወይም በብየዳ ማሰርን ፈጽሞ አይቀበሉ፤ ቀጣዩን ድንጋይ የሚከፍለው ማርሹ ይሆናል። ጣና ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለ በመሆኑ ሞተሩ በሳሳ አየር ጉልበት ያጣል፤ ስለዚህ አዲስ ፕሮፔለር ሲገዙ በአንድ ዙር የሚገፋው ርቀት በባሕር ጠለል ከፍታ ለሚሠራ ሞተር ከሚመከረው አንድ ወይም ሁለት ኢንች የሚያንስ ይምረጡ። እስከዚያው ጭነት ቀንሰው በዝግታ ይንዱ።

ፕሮፔለሩ በወለቀበት አጋጣሚ ዘንጉ ላይ የመረብ ክር ተጠምጥሞ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ክሩ የዘይት ማኅተሙን ይቆርጠዋል። የማርሹ ዘይት እንደ ወተት ነጥቶ ካገኙት ውኃ ገብቷልና፣ ያን ጊዜ የመካኒክዎን ምክር እኔም አልቃወምም።