250 ኦም ሄድፎን በስፒከር ቦርድ አይሆንም

ከአራት ኪሎ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ጉዳይህን ላሳጥረው። ያገለገለ ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 990 ፕሮ ገዛህ፣ 250 ኦሙን (ኦም ከረንትን የመቋቋም መለኪያ ነው)። በስልክህ ስትሞክረው ድምፁ አልወጣ አለህ። ጠጋኝ ጋ ወሰድከው፣ እሱም በዩኤስቢ 5 ቮልት የምትሠራ ትንሽ የአምፕ (የድምፅ ማጉያ) ቦርድ ገጠመልህ። አሁን ዜና ስትሰማ ደህና ነው፤ ዘፈን ስትከፍት ግን ድምፁ ይቀደዳል፣ ቦርዷም ጣት ታቃጥላለች።

ዜናው ደህና፣ ዘፈኑ ብልሹ ማለትህ ነው ፍንጭ የሰጠኝ። የዜና አንባቢ ድምፅ በግራም በቀኝም አንድ ነው፣ ዘፈን ግን ይለያያል። ግምቴ ይኸው፦ ቦርዷ ፓም8403 የሚባል የስፒከር አምፕ ቺፕ ያላት ናት፣ ጠጋኙም የግራና የቀኙን ኔጌቲቭ አንድ ላይ በይዶ ጃኩ ግራውንድ (የጋራ መመለሻው) ላይ አስሮታል። በዚህች ቺፕ ኔጌቲቮቹ ግራውንድ አይደሉም፤ እንደ ፖዘቲቮቹ እነሱም ድምፅ ያወጣሉ። ሲታሰሩ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፣ ሙቀቱ ከዚያ ነው። ኃይሉንም ሄድፎኑንም ንቀልና ቴስተርህን የሚጮኸው ላይ አድርገህ ሁለቱን ኔጌቲቮች ንካ። ከጮኸ አለቀ፣ ቦርዷን አውጣት። ለ4 እና ለ8 ኦም ስፒከር የተሠራች ናት፣ ያንተ ሄድፎን ደግሞ ግራና ቀኙ አንድ ግራውንድ ይጋራሉ። ሰው ጆሮ ላይ የሚውል ዕቃ ዳታሺት (የቺፑን መግለጫ ወረቀት) ሳያዩ መበየድ ምን የሚሉት ድፍረት ነው!

ወደ ዋናው ልምጣ። አምፕ የሚገዛ ሁሉ ዋት ዋት ይላል። ኦሙ ከፍ ያለ ሄድፎን የሚፈልገው ቮልት ነው፣ ከረንትማ ጥቂት ይበቃዋል። ዋት ማለት ቮልቱን በራሱ አባዝተህ ለኦሙ ስታካፍለው የሚመጣው ነው። ያንተው ሄድፎን በ1 ሚሊዋት 96 ዴሲቤል ይሰጣል፣ ለዚያም ግማሽ ቮልት በቂ ነው። ዘፈን ግን ከፍ ዝቅ ይላል፤ ከበሮው ሲመታ ሳይቆረጥ እንዲያልፍ እስከ 110 ዴሲቤል ድረስ ቦታ ልትተውለት ይገባል፣ ያ ደግሞ 25 ሚሊዋት፣ ማለትም 2.5 ቮልት ነው። ብዙ ስልክ ከ1 ቮልት አያልፍም። አሁን አንድ አምፕ አንስተህ ሳጥኑ ላይ «100 ሚሊዋት በ32 ኦም» የሚል አየህ እንበል። ስታሰላው 1.8 ቮልት ገደማ ነው። ያው 1.8 ቮልት 250 ኦም ላይ 13 ሚሊዋት ብቻ ይሆናል። ሻጩ አልዋሸህም፣ ግን ለአንተ ሄድፎን የሚሆነውን ቁጥርም አልነገረህም። ስለዚህ ስትገዛ «በ250 ወይም በ300 ኦም ስንት ቮልት ያወጣል?» ብለህ ጠይቅ።

ቤት ውስጥ የሄድፎን ጃክ ያለው የድሮ ቴፕ አምፕሊፋየር ካለ መጀመሪያ እሱን ሞክር። ብዙዎቹ ከስፒከሩ መውጫ በሬዚስተር አሳልፈው ነው ለሄድፎኑ የሚሰጡት፣ ቮልት አያንሳቸውም።

ከሌለ ራስህ ሥራው። አንድ ኤንኢ5532 የሚባል የድምፅ ማጉያ ቺፕ እና ሁለት ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ አንዱ ለፕላስ ሌላው ለማይነስ። ቺፑ 600 ኦም እንዲነዳ የተሠራ ነው፣ 250 ኦም ከዚያ የበለጠ ከረንት ቢፈልግም ለሄድፎንህ የሚበቃውን ያህል ይሰጣል፣ መብራት ሄደ አልሄደም አይመለከትህም። ከመውጫው ወደ ማይነስ መግቢያው 3.9 ኪሎ ኦም፣ ከዚያ ወደ ግራውንድ 1 ኪሎ ኦም፤ ድምፁን አምስት እጥፍ ገደማ ያሳድገዋል። መግቢያው ላይ 2.2 ማይክሮ ካፓሲተር፣ ከሱ በኋላ ባለ 10 ኪሎ ኦም ድርብ ቮሊዩም፣ በየመውጫው 10 ኦም። ባለ 100 ናኖ ካፓሲተሮችን ከቺፑ የኃይል እግሮች ሥር አስጠጋቸው። ቮሊዩሙ ላይ ግን አትሰስት። መርካቶ በኪሎ የሚሸጥ የሚመስለው ዓይነት ዝቅ ስታደርገው አንዱን ጆሮ ያጠፋብሃል፣ ሲዞርም ይንኮሻኮሻል።

አደራ የምልህ አንድ ነገር አለ፦ ሄድፎኑ መጨረሻ ይሰካ፣ መጀመሪያ ይነቀል። አምፑን አብራ፣ ቴስተርህን ዲሲ ላይ አድርገህ መውጫውን ለካ። ከ50 ሚሊቮልት በላይ ካሳየህ ሄድፎኑን እንዳትሰካ፣ የሆነ ቦታ ብየዳው ተሳስቷል። ስዊቹም ሁለቱንም ባትሪ በአንዴ የሚቆርጥ ይሁን። አንዱ ባትሪ ብቻ ከቀረ ብዙ ቮልት ዲሲ መውጫው ላይ ይቆምና የሄድፎኑን ኮይል ያበላሻል። ቮሊዩሙን ዜሮ ሳታደርግም ጆሮህ ላይ አታድርገው። ደግሜ እላለሁ፣ መጨረሻ ሰካ፣ መጀመሪያ ንቀል።

ቴስተሩ ካልጮኸ ደግሞ ግምቴ ስቷል ማለት ነው። የቦርዷን የጀርባ ፎቶ፣ ብየዳው ጥርት ብሎ እንዲታይ አድርገህ ላክልኝ።